የወረቀቱን ጀርባ ዳስሰው

ጥቅምት 6

ሰጡኝ! ጋሼ፣ ጠረጴዛውን ሰጡኝ! ሰላምታው ትንሽ ይታገሰኝ፣ ይሄን ካልተነፈስኩ እፈነዳለሁ። የሰርተፍኬት ጻፊዋ ጡረታ ወጣች። ዳይሬክተሯ ከዕቃ ግምጃ ቤት አስጠሩኝና «የዕቃ መጠየቂያ ላይ የምትጽፊው ጽሑፍ እኮ ሁሌ ዓይኔን ይይዘዋል፤ የዘንድሮ ተመራቂዎችን ስም አንቺ ጻፊ» አሉኝ። እኔ! ዕድሜዬን ሙሉ መጥረጊያና ሳሙና ሳድል የኖርኩ ሴትዮ! «እሺ» ማለት አቅቶኝ ሳቅኩባቸው።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበለኝ። እንዴት ሰንበትክ? እዚያ በሰው አገር ጤናህ፣ እንቅልፍህ፣ ጉልበትህ? ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርህ፣ ከቤትህ በረከት አይጥፋ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ባለቤቴ አናጢው መጋዙን እንደያዘ ነው፣ እኔም አፌን እንደከፈትኩ ነኝ።

ነገሩን ላስረዳህ። የሙያ ማሠልጠኛችን መካኒኩንም፣ ግንበኛውንም፣ ልብስ ሰፊዋንም ሲያስመርቅ ስማቸው በቀለም ብዕር፣ ወፈር ቀጠን እየተደረገ፣ በእጅ ነው የሚጻፍላቸው። ወስደው ግድግዳቸው ላይ ይሰቅሉታል። ምክትል ዳይሬክተሩ ግን ማተሚያ ማሽን ይገዛ ባይ ነው። «ማሽን በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል፤ አይታመም፣ አያወራ» አለ፣ እኔን እያየ። ስምምነቱ እንዲህ ሆነ፦ እስከ ምረቃው ሁሉንም ጽፌ ከጨረስኩ ጠረጴዛው የእኔ ነው። አንድ እንኳ ከቀረ ለከርሞ ማሽን፤ እኔም ወደ ሳሙናዬ።

ታዲያ አንድ ነገር ልለምንህ። ገንዘብ አይደለም፣ አትደንግጥ። በዚያ ታፔላ በሚጽፍ እጅህ አንድ መስመር ጽፈህ ላክልኝ፤ ከፊቴ ለጥፌ እያየሁ ልጻፍ። የእናቴ ልብስ ስፌት በር ላይ የጻፍከው ታፔላ ዛሬም አለ። ያ ሁሉ ዝናብ ወርዶበት አንዷን ፊደል አልደፈራትም። እኔ ፊደል መውደድ የጀመርኩት እሱን እያየሁ ነው፣ ታውቃለህ?

ያቺው የአክስትህ የልጅ ልጅ፣ እናንተ «ሬዲዮ» የምትሉኝ


ኅዳር 21

ለተወደድሽው ሬዲዮአችን፣

ሰላምና ጤና ከነቤተሰብሽ ይብዛልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ደስ ብሎኛል፣ እጅሽ ይባረክ። በኮምፒውተር ስለጻፍኩልሽ አትቀየሚኝ፤ ሥራ በዝቶብኛል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እውነቱን መልሺልኝ። ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ገልብጬ ጀርባውን ዳሰስኩት። እንደ ሞረድ ይሻክራል። ብዕር ነው ወይስ ሚስማር የያዝሽው? ደግሞ መጀመሪያ ላይ ቀጥ ብለው የቆሙት ፊደሎች መጨረሻው ላይ ሁሉም ጋደም ብለዋል። «መ»ሽ ሁለት ዓይኖቿን ጨፍናለች። እጅሽን ያምሻል?

ካመመሽ ስሚኝ። መስመሩን የሚያወፍረው ጉልበት አይደለም፣ የብዕሩ ጠርዝ ነው። ጠርዙን አስተካክለሽ ካሳረፍሽው በራሱ ይወፍራል፤ አንቺ መምራት ብቻ ነው። ብዕሩን ከኋላሽ መጥቶ የሚጎትተው ሰው ቢኖር ያለ ትግል እንዲወስደው አድርገሽ ያዢው። ሁለቱም እግሮችሽ መሬት ይርገጡ። ክርንሽ አየር ላይ አይንጠልጠል፣ ጠረጴዛው ይሸከመው። ወረቀቱን ትንሽ አዙሪው እንጂ አንጓሽን አትጠምዝዢ። ለአሁኑ ይበቃል።

ጋሼሽ


ታኅሣሥ 25

ጋሼዬ፣ እንደምን አለህልኝ? ዕድሜ ይስጥህ፣ በሄድክበት ሁሉ ደጁ ይከፈትልህ።

ማን ነው እጇን አመማት ያለህ? ምንም አላመመኝም።

ደህና፣ አመመኝ። ይኸው ወጣልኝ። ከላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር ጽፌ፣ ምሳ ሠርቼ ነው የተመለስኩት፤ ዓይን ዓይኔን እያየኝ አላስበላ አለኝ። ጠዋት ደህና ነኝ። ከሰዓት አውራ ጣቴ ሥር እሳት ይነድዳል፣ ትንሿ ጣቴ ትደነዝዛለች፣ ከዚያ እጄ እንዳለ ብዕሩ ላይ ይቆለፍና በሌላኛው እጄ ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈልቅቄ አወጣዋለሁ። ቢሮ ውስጥ የሚያውቅ የለም። ምክትሉ ሲገባ እጄን ከጠረጴዛው ሥር ከትቼ እስቃለሁ። ሳቅ መቼም እኔ ላይ አያስጠረጥርም። ቤት ስገባ ድስት ማንሳት እያቃተኝ «ዛሬ አንተ አማስል» እላለሁ። ባለቤቴም «ሹመት እንዲህ ነው!» እያለ ያማስላል።

ያልከኝን ሞከርኩ። ባለቤቴን «ድንገት መጥተህ ብዕሩን ንጠቀኝ» አልኩት። ቀስ ብሎ መጥቶ ቢጎትተው እኔም ከነወንበሬ አብሬ ተጎተትኩ! «አንቺ ሴትዮ፣ ከግንድ ላይ ሚስማር የነቀልኩ መሰለኝ እኮ» አለኝ። ለካ እንዲህ አንቄው ኖሯል። ደግሞ ማንም ሳያዘው ዘንበል ያለ የመጻፊያ ሰሌዳ ሠርቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ። አንገቴን መድፋት ቀረልኝ። እጄ ግን ገና ነው።

የጠየቅኩህ መስመርስ? አንተ ፊደል ሸጠህ የምትበላ ሰው እንዴት በማሽን ትጽፍልኛለህ? ምክትሉ ቢያይብኝ ምን ይለኛል? ቀጥሎ በእጅህ፣ እሺ?

ሬዲዮህ


የካቲት 2

ለሬዲዮአችን፣

ከሰላምታ ጋር። የዘገየሁት ቀጠሮዎች ስለነበሩብኝ ነው። ስለ መስመሩ፣ ብሩሾቼ ሌላ ቦታ ናቸው። ሲመቸኝ።

አሁን ዋናውን ስሚ። አንቺ የምትጽፊው በጣቶችሽ ነው። ጣት አቅሟ ትንሽ ነው፣ ቶሎ ትደክማለች። ፊደሉ ከትከሻ ይምጣ። አሮጌ ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጥፊ፣ ወፍራም ብሩሽ ያዢ፣ ቆመሽ ክንድሽን ሙሉ እያንቀሳቀስሽ «ለ» ጻፊ፣ «በ» ጻፊ። እግራቸውን ከላይ ወደ ታች ሳትቸኩዪ አውርጂው። ከዚያ ክብ ክቦቹን፣ «መ»ን፣ «ወ»ን። ትከሻሽ ሲለምደው እያሳነስሽ ወደ ጠረጴዛ ትወርጃለሽ። እያንዳንዱን ስም ስትጨርሺ ብዕሩን አስቀምጪና እጅሽን ጭንሽ ላይ ጣዪው፤ እርጥብ ጨርቅ ይምሰል። ሲያምሽ «ይቺን ብቻ ልጨርስ» አትበይ። ሕመም በጨዋታ አዋዝተሽ የምታቆዪው ጎረቤት አይደለም።

በዚህ ዕድሜ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ «ለ» እያሉ መቀመጥ እንደሚያሳፍር አውቃለሁ። እመኚኝ፣ አውቃለሁ። ግን አንደኛ ክፍል ግቢ።

ጋሼሽ


የካቲት 24

ጋሼዬ፣ ሰላም ላንተ ይሁን፣ ክንድህ አይዛል፣ ዓይንህ አይፍዘዝ።

አንደኛ ክፍል ገባሁልህ። ያውም ደጋሚ ሆኜ። የቢሮዬን ግድግዳ በጋዜጣ አለበስኩት፤ የቀለም ቆርቆሮ ይዤ፣ ነጠላ ጫማዬን አጥልቄ፣ ክንዴን እንደ ንፋስ ወፍጮ እያዞርኩ «ለ» ስጽፍ ምክትሉ በሩን ከፈተ።

«እትዬ፣ ቀለም ቅብ ጀመሩ እንዴ?»

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ግድግዳው አርጅቷል፣ እኔ ግን ገና ነኝ» አልኩት።

ሳቀ። ግን ጠረጴዛው ላይ የተከመሩትን ባዶ ሰርተፍኬቶች በዓይኑ ለክቶ ነው የወጣው። እኔም አየሁት፣ እሱም እንዳየሁት አየ።

ጋሼ፣ ልዋሽህ አልችልም፣ ፈርቻለሁ። አንተ ባልከኝ መንገድ ስጽፍ መጀመሪያ ቀርፋፋ ሆንኩ። በድሮው በአንድ ጠዋት የማወጣውን ቀኑን ሙሉ ፈጀሁበት። አንድ ቀን ተናድጄ «የት አባቱ!» ብዬ እንደ ድሮዬ ጨብጬ ጻፍኩ። በማግስቱ የጃኬቴን ቁልፍ ባለቤቴ ነው የቆለፈልኝ። ያኔ ተቀምጬ አሰብኩ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ እኔ ግን እልሄን እጄ ላይ ሳይሆን ትከሻዬ ላይ አደርገዋለሁ አልኩ። ተመልሼ ግድግዳው ፊት ቆምኩ። ልጆቼ የተመረቁ እናት ነኝ፣ «በ»ን እንደ አዲስ ተማርኩ።

እና ስማ፦ ባለፈው ሐሙስ ሥራ ጨርሼ ቦርሳዬን አነሳሁና በር ላይ ስደርስ ቀጥ አልኩ። በየትኛው እጄ ነው ያነሳሁት? በቀኜ! ረስቼው! ሕመሙን ረሳሁት ጋሼ። እዚያው ኮሪደር ላይ እልል ልል ነበር፣ ጥበቃው እንዳይደነግጥ ብዬ ተውኩት።

የመጥፎ ወሬ ድርሻህንም ውሰድ። የእናቴ ታፔላ በመጨረሻ ተበገረ። «ስፌት» ላይ ያለችው «ት» ተላጠች። ሰው አሁን «ልብስ ስፌ» እያለ ያነባል። ጎረቤቱ ሁሉ «በስቲከር እናስለጥፍላችሁ» ይለናል። እምቢ አልኩ።

አሁን ቁርጡን ልንገርህ። በእጅህ ካልጻፍክልኝ እኔም አልጽፍልህም። ሬዲዮው ይዘጋል። እስቲ ዝምታውን ቻለው።


መጋቢት 30

ሬዲዮ። ይኸው በእጄ። ሌላ አትጠይቂኝ። እጅሽ ይባረክ።

ጋሼ


ሚያዝያ 18

ጋሼ፣ ሰላምታዬን ከነቅሬታዬ ተቀበለኝ።

የማን ልጅ ነው የጻፈልህ? ንገረኝ እስቲ። የጎረቤት ልጅ ነው? ከረሜላ ገዝተህለት ነው? ፖስታውን ስቀድ ልቤ እንዴት እንደመታ ብታውቅ! ማጣበቂያ ይዤ፣ የማስቀምጥበትን ቦታ ጠርጌ። ከዚያ ይሄ ወጣ። «ሬ» ቀለበቷ ጠፍቶ፣ «ዲ» እግሯ ተሰብሮ፣ ቀለሙ ገጹ ላይ ሁሉ ተጨማልቆ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥዬ «ለ» የምለው አንተን ሰምቼ አይደል? አንድ መስመር ነው የለመንኩህ። ሥራ በዛብኝ አልክ፣ እሺ። ብሩሼ ሌላ ቦታ ነው አልክ፣ እሺ። በልጅ እጅ «ይኸው በእጄ» ማለት ግን ምን ይባላል? ትልቅ ሰው ነህና ከዚህ በላይ አልናገርም። ሌላውን ሆዴ ያውቀዋል።


ሚያዝያ 19

ጋሼ፣ የትናንቱን ደብዳቤ ሳታነበው ቅደደው። አንብበኸው ከሆነም አላነበብከውም። ከፖስታ ቤት ላስመልሰው ጠዋት ሮጬ ሄጄ ነበር፤ ከረጢቱ ሄዷል አሉኝ።

የሆነው እንዲህ ነው። ያቺን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ወርውሬያት ባለቤቴ አነሳት። እሱ ግራኝ መሆኑን ታውቃለህ፤ መጋዙንም ብዕሩንም በግራ ነው የሚይዘው። ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም፣ ተራ የምሰጠውም የለም። ወደ መስኮቱ ወሰዳትና ቆይቶ «ይሄ የልጅ ጽሑፍ አይደለም» አለኝ።

«እንዴት አወቅክ?»

«ልጅ የፊደሉን እግር ከታችም ከመሃልም ይጀምራል። ይሄ ሰውዬ ሁሉንም ከላይ ነው የጀመረው፣ ክፍተቱንም ለክቷል። ፊደል የት እንደሚቆም ያውቃል፣ ማቆም ነው ያቃተው። ደግሞ ቀለሙን ተመልከቺ፣ ሁሉም ወደ ቀኝ ተጎትቷል። እኔ ስጽፍም እንዲህ ነው፣ መዳፌ የጻፍኩትን እየጠረገ ይሄዳል። ይሄ የግራ እጅ ነው።»

ጋሼ፣ አንተ ግራኝ አይደለህም።

ደብዳቤዎችህን አውጥቼ እንደገና አነበብኳቸው። ቀጠሮዎቹን። ሌላ ቦታ ያሉትን ብሩሾች። «እመኚኝ፣ አውቃለሁ» ያልከውን። እኔ ስለ አንዲት ጣቴ ስለፈልፍ አንተ ዝም ብለህ ታስተምረኛለህ። ቀኝ እጅህ የት ሄደ ጋሼ? አሁን ነው የምትነግረኝ። እኔ ለፍላፊ ነኝ እንጂ ልቤ አቅመ ቢስ አይደለም፣ እችለዋለሁ።

ወረቀትህን ከፊቴ ለጥፌዋለሁ። ከእንግዲህ እሷን እያየሁ ነው የምጽፈው።

ሬዲዮህ


ግንቦት 16

ለተወደድሽው ሬዲዮ፣

ሰላም ለቤትሽ፣ ለአናጢውም ዓይን ምስጋና። ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ በአንድ ቀን ደረሱኝ። ሁለቱንም አነበብኩ። በመጀመሪያው ሳቅኩ፣ ሁለተኛውን ደግሜ አነበብኩት። ይሄንን በግራዬ ነው የምጽፈው፣ ስለዚህ አጭር ነው፤ አንዱን ዓረፍተ ነገር ጽፌ አርፋለሁ።

ባለፈው ነሐሴ አንድ የዳቦ ቤት መስታወት ላይ ስጽፍ ብሩሹ ከእጄ ወደቀ። ወርጄ አነሳሁት። ደግሞ ወደቀ። ባለ ዳቦ ቤቱ መጥቶ ሲያየኝ ፊቴም በአንድ በኩል ወርዷል። ስትሮክ ነው አሉኝ። እግሬ ተመለሰ፣ አፌም ተመለሰ፣ ቀኝ እጄ ግን የሰው ዕቃ ሆኖ ቀረ። መስታወቱ ላይ «ዳ» ብቻዋን ቀረች ብዬ ብነግርሽ ደስ ባለኝ ነበር፣ ግን እዚህ የሚጻፈው በእነሱ ፊደል ነው።

ያንቺ ደብዳቤ የመጣው «ከእንግዲህ ፊደል በቃኝ» ብዬ ብሩሾቼን ለሠፈር ትምህርት ቤት ሰጥቼ በጨረስኩበት ሳምንት ነው። «አንድ መስመር በእጅህ» አልሽ። ምን ልበልሽ? «ጋሼ የሚባለው አልቋል» ብዬ የሹመትሽን ደስታ ላበላሸው?

ሆስፒታል የእጅ ልምምድ የምታሠራኝ ሴትዮ አለች፣ ጄኔራሏ እላታለሁ። እግር መሬት፣ ክርን ጠረጴዛ፣ ከትከሻ፣ አትጨብጥ፣ እረፍ። ጠዋት እሷ እኔ ላይ የጮኸችውን ከሰዓት እኔ አንቺ ላይ እጮህ ነበር። ስለ ብዕሩ ጠርዝ ያልኩሽ ብቻ ከድሮው ከራሴ ነው። ብቻዬን ብሆን ከእሷ ክፍል ድሮ በቀረሁ። አንቺ ግን ቀጣዩን ትጠብቂ ነበር፤ ተማሪ ያለው ሰው እንዴት ይቀራል?

አሁን የምነግርሽን ባለፈው ሳምንት ነው ያረጋገጥኩት። ጄኔራሏ ቀኝ ጣቶቼን ጨርቅ፣ አሸዋ፣ ብሩሽ ታስዳስሳቸዋለች። ምንም። ቤት ገብቼ የጥቅምቱን ደብዳቤሽን ገለበጥኩና ቀኝ ሌባ ጣቴን ጀርባው ላይ አስቀምጬ ጎተትኩት። ሻከረኝ። እንደገና ጎተትኩት። ሻከረኝ! «ሰጡኝ» ያልሽበት ቦታ ላይ፣ እንደ ሚስማር የተጫንሽው። የእጅሽ ጥፋት ለእጄ ደረሰለት።

አንቺ ግን እንዳትመለሺበት። እኔ የሚበቃኝ አለኝ። ለቀቅ አድርገሽ ጻፊ፣ ጨርሺ።

ጋሼሽ፣ በግራ


ሰኔ 20

ጨረስኩ ጋሼ! የመጨረሻዋን ትናንት ከሰዓት ጽፌ፣ መምጠጫ ወረቀት ጭኜባት፣ ብዕሩን አጥቤ አስቀመጥኩ። አንድም አልቀረም!

ሰላም ለቀኝህ፣ ሰላም ለግራህ፣ ሰላም ለጄኔራሏ። ያንተን ደብዳቤ ያነበብኩት ቆሜ ነው፤ ከዚያ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ «ሻከረኝ» ላይ ስደርስ እሱ ተነስቶ ውጭ ወጣ። እንጨት ልፈልግ ነው አለ። እንጨት በእጁ ነበር።

መጨረሻዎቹ ሳምንታት ቀላል እንዳይመስሉህ። ከተማሪዎች መዝገብ ቤት የታረመ የስም ዝርዝር መጣና የጻፍኳቸው ብዙዎቹ እንደገና ይጻፉ ተባለ። ምክትሉ «ይቻላል?» አለኝ። የድሮዋ ብሆን ጨብጬ እታገል ነበር። እኔ ግን እግሬን መሬት አድርጌ፣ ክርኔን አሳርፌ፣ ያቺን የተጨማለቀች ወረቀትህን ቀና ብዬ አየሁና «እንጀምር» አልኩ። ስም፣ እረፍት። ስም፣ እረፍት። ሲደክመኝ የምለው ለራሴ ብቻ ነበር፦ እሱ በግራው አንድ ፊደል ለማቆም ስንት ጊዜ አርፏል?

ዛሬ ጠዋት ምክትሉ ክምሩን አገላብጦ አየና አንዱን አነሳ። የእህቱ ልጅ ስም ነው፣ መካኒክ ሆና ልትመረቅ ነው። ብዙ ቆየበት። «ይሄን ማሽን ያው አድርጎ ነው የሚጽፈው፣ የሁሉንም አንድ ዓይነት» አለ። ከዚያ ዳይሬክተሯ ዘንድ ገብቶ ሲወጣ የጠረጴዛዬን መሳቢያ ቁልፍ ይዞልኝ መጣ። ቁልፍ! እስከዛሬ የእኔ ስላልነበረ ክፍት ነበር የሚያድረው።

በል አሁን ይሄን ደብዳቤ ገልብጠው። ጀርባውን ዳስሰው። ምንም የለም አይደል? እንደ ሕፃን ጉንጭ ነው። መጨረሻው ላይም ያለችውን «መ» ተመልከታት፣ ሁለቱም ዓይኖቿ ክፍት ናቸው። ለጣትህ ልምምድ የሚሻክር ከፈለግክ ግን ባለቤቴ የአሸዋ ወረቀት ይልክልሃል፤ በእኔ በኩል አልቋል።

ቀሪው ታፔላው ነው። ሁሉም «ለምን አታስጠግኑትም?» ይለኛል። «የሚጠግነው ሰው መንገድ ላይ ነው» እላለሁ፤ አንተ ነህ፣ ትመጣለህ። ሐኪሞችህ ለመንገዱ ፈቅደውልህ እንደሆነ ሳልጠይቅ አልቀረሁም፤ ባለፈው ለአንተ ሳልነግርህ ለጄኔራሏ በኢሜይል ጽፌላት ነበር፣ የጎረቤታችን ልጅ የሆስፒታልህን አድራሻ ፈልጎ፣ ተርጉሞልኝ። «ይሂድ፣ ግን ልምምዱን እንዳያቋርጥ ያዙልኝ» ብላለች። እኔ እይዝሃለሁ። ባለቤቴ የሚደገፉበት ያለው ሰፊ መሰላል ሠርቷል። ቀለሙ ተገዝቷል፣ ብሩሾቹም አዲስ ናቸው። ግራኝ ለግራኝ ትግባባላችሁ። «ት»ን አንተ ትጽፋታለህ፤ ብትጠምም ጠማማ ሆና ትኑር፣ ማንም እንዳያቃናት እዚያው ሥሯ ወንበር ይዤ እጠብቃታለሁ።

ለሁሉም የጥሪ ወረቀት ጽፌያለሁ፣ በእጄ፣ አንድ በአንድ፣ ሳላርፍ ሳይሆን እያረፍኩ። የአክስትህ ልጆች፣ ተኳርፈው የከረሙትም፣ ዳይሬክተሯም፣ ምክትሉም ከነእህቱ ልጅ፣ ጡረታ የወጣችው ጻፊም፣ ማንም «አልተመቸኝም» እንዳይለኝ። የምንገናኘው እናቴ ልብስ ስፌት በር ላይ ነው፣ ሐምሌ 26፣ እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት።